ግራዲየንትን በአማርኛ ምን እንበለው? «ዳገት» ብዬ ተማሪዬ አላመነኝም

አስጠኚው · ማክሰኞ ማታ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ አካባቢ ቤት ለቤት እየዞርኩ ሒሳብ አስጠናለሁ። ትናንት አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪዬ ስለ ቀጥታ መስመር እየሠራን ሳለ፣ «ጋሼ፣ ግራዲየንት በአማርኛ ምንድን ነው?» አለኝ። ብዙም ሳላስብ «ዳገት» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና፣ «ቁልቁለቱስ?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አጣሁ።

ቤታቸው ከራስ መኮንን ድልድይ አይርቅም። ደብተሩን ዘግተን ወጣን። ድልድዩ ላይ ቆመን ወደ ፒያሳ የሚወጣውን መንገድ አየን። ልጁ እውነቱን ነው። ከታች ለሚነሳ ሰው ዳገት ነው። ከፒያሳ ለሚመጣ ሰው ቁልቁለት ነው። መንገዱ ግን አንድ ነው። መጽሐፉም ለአንድ መስመር የሚሰጠው አንድ ግራዲየንት ብቻ ነው።

ቤት ገብቼ ሳስበው ደግሞ ቃሉ በየቦታው አለ። ስልክ ላይ ቀለም ስንመርጥ አለ። ባዮሎጂ መጽሐፍ ውስጥ አለ። ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያወሩ ሰዎች ሁሉ ይጠሩታል። ነገሩ አንድ ነው ወይስ ስም ብቻ ነው የሚጋሩት? በሥራችሁ ቃሉን የምትጠቀሙ እባካችሁ ጻፉልኝ። እናንተ ምን ትሉታላችሁ? ምንስ ይሠራላችኋል? ልጁን ሐሙስ ነው የማገኘው።

ሚኒባስ · ማክሰኞ ማታ 2፡31

እኔ ሹፌር ነኝ። እኛ ጋ ግራዲየንት የሚል የለም። ዳገትና ቁልቁለት ነው የምንለው። የምንለካው ግን በማርሽ ነው። «ይሄ በሁለተኛ ይወጣል፣ ያኛው ሰው ከጫንክ አንደኛ ይፈልጋል» እንባባላለን።

ለልጁ አንድ ነገር ንገርልኝ። ከማዘጋጃ ቤት በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ሲወርድ ማርሹን ዜሮ አድርጎ፣ ፍሬን ብቻ እየረገጠ የሚወርድ ሹፌር አለ። ፍሬኑ ይግላል። ከጋለ በኋላ ብትረግጠውም እንደ ልብ አይዝም። በማርሽ ነው መውረድ ያለብህ። ሞተሩ ራሱ ይይዝልሃል። ለእኔ የቁልቁለት ልኩ ይሄ ነው።

ባለ ውሃ ልክ · ማክሰኞ ማታ 3፡05

ግንባታ ላይ ነኝ። እኛ «ስሎፕ» እንለዋለን። «ስሎፕ ስጠው» የማይል ግንበኛ የለም። የሻወር ወለል ስሎፕ ይፈልጋል፣ ጣሪያ ይፈልጋል፣ የፍሳሽ ቱቦ ይፈልጋል።

አስጠኚው፣ «ዳገት» ያልከው ልክ ያልሆነው ዳገት ነገሩ ራሱ ስለሆነ ነው። ግራዲየንት የዳገቱ ልክ ነው። ያ ልክ ቁጥር ነው። ወደ ጎን አንድ ሜትር ስትሄድ ምን ያህል ትወጣለህ ወይም ትወርዳለህ? እሱ ነው። የፍሳሽ ቱቦ ስቀብር በአንድ ሜትር 2 ሳንቲ እጥለዋለሁ። 2 በመቶ ይባላል። ቱቦው አግድም ከሆነ ቆሻሻው ይተኛል። ከመጠን በላይ ከጣልከው ደግሞ ውሃው ቀድሞ ይሮጥና ጥጥሩን ወደ ኋላ ሊተወው ይችላል። ሰው «ቁልቁል ከሆነ ይበቃል» ብሎ ያስባል። አይበቃም።

አንድ ጥንቃቄ አለ። አንዱ ሜትር የሚለካው በአግድም ነው። በተዳፋቱ ላይ እየተሳበ አይደለም። ትንሽ ተዳፋት ላይ ልዩነቱ አይታይም። ሲብስ ግን ያሳስታል።

ጎረምሳ · ማክሰኞ ማታ 3፡12

እና 100 በመቶ ሲሆን ቀጥ ያለ ግድግዳ ነዋ?

ባለ ውሃ ልክ · ማክሰኞ ማታ 3፡20

አይደለም ወንድሜ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። 100 በመቶ ማለት 100 ሜትር ወደ ፊት፣ 100 ሜትር ወደ ላይ ነው። 45 ዲግሪ ነው። ቀጥ ያለ ግድግዳ ቁጥር የለውም፤ ወደ ፊት የሄድከው ዜሮ ስለሆነ በዜሮ ማካፈል ይሆንብሃል። 10 በመቶ የሚባለው ደግሞ 6 ዲግሪ እንኳ አይሞላም። መኪናና እግር ግን በደንብ ያውቁታል። ዓይን ዳገትን አብዛኛውን ጊዜ አግንኖ ነው የሚያየው።

የለገሃር ልጅ · ማክሰኞ ማታ 3፡48

አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ባቡር ላይ በመቶ አይቆጠርም፣ በሺህ ነው። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ስለሚሄድ ቶሎ ይንሸራተታል። ለመኪና ምንም የማይመስል ዳገት ለባቡር ተራራ ነው።

ሒሳብ አስተማሪ ስለሆንክ አንድ ነገር ልስጥህ። የድሮው የጅቡቲ መስመር 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ከ2,300 ሜትር በላይ ወጥቷል። አካፍለው። በአማካይ በሺህ 3 ሜትር ገደማ ይመጣል። አንድ ሙሉ ኪሎ ሜትር ተጉዞ የአንድ ጣሪያ ከፍታ ነው የሚወጣው። እርግጥ ይሄ አማካዩ ነው። መስመሩ የሚወርድባቸውም፣ ከዚህ በጣም ብሶ የሚወጣባቸውም ቦታዎች ነበሩት። አባቴ ሌሊት ሌሊት ስለ እነዚያ ዳገቶች ሲያወሩ ስለ ሰው የሚያወሩ ነበር የሚመስሉት። በየስማቸው ነበር የሚጠሯቸው።

ቃል ለቃሚ · ማክሰኞ ማታ 4፡15

የቃሉ ሥር ላቲን ነው። «ግራዱስ» እርምጃ ወይም ደረጃ ማለት ነው። ግሬድ ከዚያው መጣ፤ ዲግሪም ከዚያው ነው። ልጁ 10ኛ «ግሬድ» ተቀምጦ ስለ «ግራዲየንት» ሲማር ሁለቱም ከአንድ ሥር ናቸው።

ስለዚህ ለእኔ «እርከን» የሚለው ቃል ይሻላል። ደረጃ በደረጃ የሚለውንም ይይዛል። ግዕዝን የሚያውቁ ደግሞ ሌላ ሊጨምሩበት ይችላሉ።

ከኮንሶ · ማክሰኞ ማታ 4፡40

እርከን አይሆንም። ይቅርታ፣ ግን አይሆንም። ተወልጄ ያደግኩት እርከን ላይ ነው። የኮንሶ እርከኖች በ2011 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። አያቶቻችን ድንጋይ እየደረደሩ የሠሩት ተዳፋቱን ለመስበር ነው። ዝናብ ሲጥል ውሃው እንዳይሮጥና አፈሩን እንዳይወስድ ነው። እርከኑ ላይ ስትቆም መሬቱ ሜዳ ነው። ግራዲየንት ዜሮ ነው ማለት ነው።

ሥሩ እርምጃ ቢሆንም እርከን ግራዲየንትን የሚያጠፋ ነገር ነው። የበሽታውን ስም በመድኃኒቱ ልትጠራው ነው?

ቃል ለቃሚ · ማክሰኞ ማታ 4፡52

እውነትህን ነው። ሐሳቤን አንስቻለሁ። መስቀል አደባባይ ጠዋት ጠዋት ስሮጥ ይህን አላስተዋልኩትም ነበር። እዚያም እያንዳንዱ እርከን ሜዳ ነው። ዳር እስከ ዳር ስትሮጥበት አይከብድህም። የሚያደክምህ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትወጣ ነው።

ወይና ደጋ · ረቡዕ ጠዋት 1፡25

ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። እኛ ጋ ግራዲየንት መሬት ላይ ብቻ አይደለም፣ አየር ላይም አለ። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይቀዘቅዛል። በአማካይ በ1,000 ሜትር 6.5 ዲግሪ ነው። ቦሌ አየር ማረፊያ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እንጦጦ አናት ወደ 3,200 ይጠጋል። ልዩነቱ ወደ ስድስት ዲግሪ ይመጣል። ሹራብህን ይዘህ ውጣ የሚሉን እናቶቻችን ይህን ቁጥር ሳያውቁት ያውቁታል። ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ ብለን አገሩን የከፈልነውም በዚሁ ነው።

ለልጁ የሚጠቅመው ግን ይሄ ይመስለኛል። ግራዲየንት ምልክቱ ሊገለበጥ ይችላል። በጋ ላይ፣ ሰማይ ጥርት ባለበት ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ለሰማይ ይሰጣል። ቀዝቃዛው አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ያኔ ወንዝ ዳር ያለው ቤት ከፍ ካለው ቤት የበለጠ ይበርደዋል። ሽቅብ ስትሄድ ሞቀህ ማለት ነው። የጠዋት ጭስ ሸለቆ ሸለቆውን ይዞ የሚተኛውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የአየር ግፊትም እንዲሁ ነው። እኛ ያለንበት ከፍታ ላይ ግፊቱ ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላልን፣ ባቄላውም አልበስል የሚለን ለዚያ ነው።

የእጥበት ክፍል ነርስ · ረቡዕ ጠዋት 4፡10

እኔ የኩላሊት እጥበት ክፍል ነው የምሠራው። ሥራችን ሙሉ በሙሉ ግራዲየንት ላይ የቆመ ነው ብል ማጋነን አይደለም።

አንድ አባት ሁልጊዜ፣ «ልጄ፣ ይሄ ማሽን ደሜን በምን ሳሙና ነው የሚያጥበው?» ይሉኛል። ሳሙና የለውም። ደሙ ፀጉር በመሳሰሉ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ያልፋል። ከቱቦዎቹ ውጭ ደግሞ የተዘጋጀ ፈሳሽ ይሄዳል። በመካከላቸው ስስ ወንፊት አለ። ደሙ ውስጥ ቆሻሻው ብዙ ነው። ፈሳሹ ውስጥ የለም። ቆሻሻው ብዙ ካለበት ወደ ሌለበት ራሱ ይሻገራል። «አባባ፣ የከረጢት ሻይ ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲገባ ቀለሙ ወጥቶ ቅጠሉ ይቀር የለ? እንደዚያ ነው» አልኳቸው። የደም ሴሎቹ እንደ ቅጠሉ ናቸው። ትልልቅ ስለሆኑ አያልፉም።

በጣም የሚገርመኝ ነገር ይሄ ነው። ደሙና ፈሳሹ የሚሄዱት በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። አብረው ወደ አንድ አቅጣጫ ቢሄዱ መንገድ ላይ እኩል ይሆናሉ። እኩል ከሆኑ ደግሞ ምንም አይሻገርም። በተቃራኒ ሲሄዱ ግን ደሙ እየጸዳ በሄደ ቁጥር የሚያገኘው ፈሳሽ ደግሞ ይበልጥ ንጹሕ ነው። ልዩነቱ ከዳር እስከ ዳር ይቆያል። ሶዲየምን ግን ብዙ እንዳይወጣ ስለምንፈልግ ፈሳሹ ውስጥ ከደሙ ጋር ተቀራራቢ አድርገን እንተወዋለን። ልዩነት ከሌለ መሻገርም የለም። ማሽኑን የምናዘው በዚሁ ነው።

ሰዓቱ ለምን አራት ሰዓት ይሆናል ለሚሉኝም መልሱ እዚያው ነው። መጀመሪያ ላይ ልዩነቱ ትልቅ ስለሆነ ቶሎ ይሄዳል። እየጸዳ ሲመጣ ልዩነቱ ይጠባል፣ እሱም ቀስ ይላል። እኛ አማርኛ ስናወራ «የክምችት ልዩነት» እንለዋለን። ለሕመምተኛ ግን «ከብዙ ወደ ጥቂት» ስል ነው የሚገባው።

ቀለም ቤት · ረቡዕ ከሰዓት 8፡30

ፒያሳ ማተሚያ ቤት ውስጥ ዲዛይን እሠራለሁ። እኛ ጋ ግራዲየንት ከአንድ ቀለም ወደ ሌላው ቀስ እያለ የሚሄድ ማለት ነው። ደንበኛ «ሼድ አድርግልኝ» ይላል። እኔ «የቀለም ሽግግር» ብለው ደስ ይለኛል።

ቃል ለቃሚ ያነሳው የእርምጃ ነገር እኛን በቀጥታ ይነካናል። ኮምፒውተር ላይ ቀለሙ የሚንሸራተት ይመስላል እንጂ ደረጃ ነው። ለእያንዳንዱ መሠረታዊ ቀለም 256 ደረጃ አለ። ከጥቁር ወደ ነጭ የሚሄድ ሽግግር 5 ሜትር ባነር ላይ ብትዘረጋው አንዱ ደረጃ ወደ 2 ሳንቲ ይሰፋል። ከጥቁር አረንጓዴ ወደ ትንሽ ፈካ ያለ አረንጓዴ ብቻ ከሆነ ደግሞ ምናልባት 40 ደረጃ ነው ያለህ። እያንዳንዱ ከ12 ሳንቲ ያልፋል። ደንበኛው ባነሩን ሲዘረጋው ሸንተረር ሸንተረር ሆኖ ያየዋል። «ስልኬ ላይ እንዲህ አልነበረም» ይላል። ልክ ነው፣ ስልኩ ትንሽ ስለሆነ አይታይም። እኔም መጀመሪያ አካባቢ ሁለት ባነር ከኪሴ ከፍዬ እንደገና አትሜያለሁ። አሁን ቀለሙ ላይ ትንሽ እንደ አሸዋ ያለ ነጠብጣብ እበትንበታለሁ። ጠርዞቹ ይጠፋሉ።

እናንተ ስለ ዳገት ያላችሁት እዚህም ይሠራል። ሽግግሩ አጭር ቦታ ላይ ከሆነ ዓይን ላይ ይጋጫል። ሰፊ ቦታ ላይ ከሆነ ይለሰልሳል። የቀለሙ ልዩነት አንድ ሆኖ ርቀቱ ነው የተለወጠው።

ናብላ · ረቡዕ ማታ 1፡40

ሒሳብ ሁለተኛ ዲግሪ እየሠራሁ ነው። ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። የልጁ ጥያቄ ትልቅ ጥያቄ ነው። አስጠኚው፣ ልጁን አመስግንልኝ።

10ኛ ክፍል ላይ ያለው ግራዲየንት አንድ ቁጥር ነው። ወደ ቀኝ ስትሄድ ከወጣህ ፖዘቲቭ፣ ከወረድክ ኔጋቲቭ። የዳገትና የቁልቁለቱ ጭቅጭቅ እዚያ ያልቃል፤ ቀኙን አስቀድመን ስለተስማማንበት ነው። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ግን መሬቱ መስመር መሆኑ ቀርቶ ሜዳና ሸለቆ ይሆናል። ዙሪያህን በሁሉም አቅጣጫ መሄድ ትችላለህ። ያኔ ግራዲየንት ቀስት ይሆናል። በቆምክበት ቦታ ላይ በጣም ወደሚወጣው አቅጣጫ ይጠቁማል። ርዝመቱ ደግሞ ምን ያህል እንደሚወጣ ይነግርሃል። እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኘውን መስመር ሁልጊዜ በ90 ዲግሪ ነው የሚቆርጠው።

ከዚህ የሚገኘውን ነገር እዩት። ተራራው የራሱ ግራዲየንት አለው። መንገዱ ከዚያ ላይ የፈለገውን ያህል ነው የሚወስደው። ቀጥ ብሎ ከወጣ ሁሉንም ይወስዳል። ጠምዘዝ ጠምዘዝ ካለ ትንሹን ይወስዳል። እኩል ከፍታውን ይዞ ከዞረ ምንም አይወስድም። ሚኒባስ በማርሽ የሚለካው መንገዱ የወሰደውን ነው እንጂ የተራራውን አይደለም።

አስጠኚው፣ ሐሙስ ልጁን ይዘኸው ራስ መኮንን ድልድይ ተመለስ። ከፒያሳ የወረደው መንገድ እዚያ ዝቅ ብሎ ወደ አራት ኪሎ መውጣት ይጀምራል። ታች ላይ የመንገዱ ግራዲየንት ዜሮ ነው። ከዚያ በድልድዩ ሥር ያለውን ወንዝ አሳየው። ይፈሳል። የመሬቱ ግራዲየንት ዜሮ ቢሆን ኖሮ አይፈስም ነበር። ቀስቱ አለ፤ መንገዱን አቋርጦ በወንዙ በኩል ነው ያለው። ውሃው በቀስቱ ተቃራኒ ይሄዳል።

ሰው ሠራሽ አስተውሎትም የሚሠራው ይህንኑ ነው። የፈረንሳዩ የሒሳብ ሊቅ ኮሺ በ1847 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ዘዴ ነው። ስህተትህን እንደ ከፍታ ቁጠረው። ቀስቱን አስላ። በተቃራኒው ትንሽ ተራመድ። ደግሞ አስላ። በገና የሚቃኝ ሰው አስቡ። አንዱን አውታር ትንሽ ጠበቅ ያደርገዋል። ቀረበ ወይስ ራቀ? ብዙ ነው ወይስ ጥቂት? ሁለቱን ካወቀ ቀጥሎ ወዴትና ምን ያህል እንደሚያዞር ያውቃል። ለዐሥሩም አውታሮች እንዲህ ዐሥር ቁጥር ይይዛል። የእነዚያ ዐሥር ቁጥሮች ስብስብ ግራዲየንት ነው። የዛሬዎቹ ማሽኖች ያላቸው «አውታር» በቢሊዮን ይቆጠራል እንጂ ሐሳቡ ያው ነው።

በገናን ያነሳሁት ዝም ብዬ አይደለም። የግራዲየንት ምልክቱ የተገለበጠ ሦስት ማዕዘን ነው። «ናብላ» ይባላል። ስሙን ያገኘው ቅርጹ ከሚመስለው ከጥንት የአውታር መሣሪያ ነው። ቃሉ ከዕብራይስጡ «ኔቤል» ጋር አንድ ነው። መዝሙረ ዳዊት ላይ ዐሥር አውታር ስላለው በገና የሚናገረው ቦታ ላይ ዕብራይስጡ ውስጥ ያለው ቃል እሱ ነው። የአማርኛው መጽሐፍ «በገና» ብሎታል። ስሜንም ከዚያ ነው ያወጣሁት።

አስጠኚው · ረቡዕ ማታ 2፡20

ናብላ፣ ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነስቻለሁ። ወንዙን አንድም ቀን እንዲህ አይቼው አላውቅም።

እስካሁን የገባኝ ይሄ ነው። ነርሷ፣ ባለ ማተሚያው፣ የለገሃሩ ልጅ ሁላችሁም የምታወሩት አንድ ነገር ነው፤ በአንድ እርምጃ ምን ያህል ተለወጠ፣ ወዴትስ ተለወጠ? አንድ ቃል መፈለጌን ትቻለሁ። ለመሬት «ተዳፋት» አለን። ለቁጥሩ ግን ባለ ውሃ ልክ መጀመሪያ ያለው ልቤን ይዞታል፤ «የተዳፋት ልክ»። ልጁን ሐሙስ እንዲህ ነው የምለው። ፈተና ላይ ግራዲየንት ይበል። ሲያስብ ግን ልክ እያለ ያስብ።

ሁለት ጎማ · ረቡዕ ማታ 3፡02

ዘግይቼ መጣሁ። ዊልቸር ተጠቃሚ ነኝ። ለእኔ ይህ ቃል የቀኔ ሁሉ ነገር ነው።

ለራምፕ የሚታወቀው ልክ 1 ለ12 ነው። አንድ ሳንቲ ለመውጣት 12 ሳንቲ ወደ ፊት። 8 በመቶ ገደማ ነው። በዚያ ላይ በክንዴ ራሴን እገፋለሁ። ከዚያ ሲበልጥ ሰው መጥራት አለብኝ። ካዛንቺስ አካባቢ የምገለገልበት አንድ ሕንፃ አለ። መግቢያው ላይ ሦስት ደረጃ ነበረ። «ራምፕ ሠራንልህ» ብለው ጠሩኝ። ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ደረጃዎቹ ላይ ሲሚንቶ ሞልተውበታል። ርዝመቱ ሁለት ሜትር ቢሆን ነው። ስወጣ የፊት ጎማዬ ተነሳ። ዘበኛው ከኋላ ባይዘኝ በጀርባዬ ነበር የምወድቀው። አሁን እሱ ከሌለ አልገባም።

ሰዎቹ ክፉ አይደሉም። ገንዘብ አውጥተው ነው የሠሩት። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ላይ አካል ጉዳተኞች ሕንፃ ውስጥ መግባትና መንቀሳቀስ እንዲችሉ ይሠራ ተብሎ ተጽፏል። እነሱም ራምፕ አለ ብለው ያምናሉ። ራምፕ ስሙ ነው። ልኩ ነው የጎደለው።

ባለ ውሃ ልክ · ረቡዕ ማታ 3፡15

ወንድሜ፣ ደረጃዎቹ ስንት ሳንቲ ናቸው?

ሁለት ጎማ · ረቡዕ ማታ 3፡18

አንዱ 15 ይሆናል። ለክቼው ግን አላውቅም።

ባለ ውሃ ልክ · ረቡዕ ማታ 3፡34

ሦስቱ 45 ነው ማለት ነው። በሁለት ሜትር 45 ሳንቲ ከወጣ 22 በመቶ አልፏል። ወደ 13 ዲግሪ ይጠጋል። ጎማህ መነሳቱ አይገርምም። 45 ሳንቲ በ1 ለ12 ለመውጣት 5 ሜትር ከ40 ያስፈልጋል። በሩ ፊት ለፊት ይህን ያህል ቦታ አለ?

ሁለት ጎማ · ረቡዕ ማታ 3፡39

ፊት ለፊት የለም። ሦስት ሜትር ገደማ ሄዶ እግረኛ መንገዱ ይመጣል። በጎን በኩል በግድግዳው ሥር ግን ባዶ ነው። አበባ ተክለውበት ደርቋል።

ባለ ውሃ ልክ · ረቡዕ ማታ 3፡47

እንግዲያው በጎን አድርጎ ማጠፍ ነው። ግማሹን በግድግዳው ሥር ወጥቶ፣ መታጠፊያው ላይ ሜትር ከ50 በሜትር ከ50 ሜዳ ይተዋል። አንተም እዚያ ታርፋለህ። ከዚያ ቀሪውን ተመልሶ ይወጣል። ናብላ እንዳለው ነው፣ የሚወጣው ከፍታ ያው ነው፣ መንገዱ ግን በትንሽ በትንሹ ይወስደዋል። ብረት መደገፊያ ሁለቱም ወገን ያስፈልገዋል።

ቅዳሜ ጠዋት ነፃ ነኝ። ውሃ ልኩንና ሜትሩን ይዤ እመጣለሁ። ለክተን በወረቀት እንሠራውና ለሕንፃው ሰዎች አብረን እንስጣቸው። ሥራውን ከፈቀዱ የእጅ ዋጋ አልጠይቅም።

አስጠኚው · ረቡዕ ማታ 3፡55

ልጁን ይዤው ልምጣ? ሜትር መያዝ ይችላል።

ሁለት ጎማ · ረቡዕ ማታ 4፡03

አምጣው። ቅዳሜ 3 ሰዓት በሩ ላይ እጠብቃችኋለሁ። ዘበኛውንም እነግረዋለሁ።